የቀልበ ቢሱ ቃሊብ

ሐሩን ጅዳ፣ ካራንቲና በሚባለው ሰፈር በኖረበት ዘመን የሚጠራው በስሙ አልነበረም፤ "ቀልበ ቢሱ" ነበር የሚባለው። ስሙን ያወጣለት አንድ ክፍል ተካፍሎ አብሮት የሚኖረው ያገሩ ልጅ ሸሪፍ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሰፈሩን አዳረሰ። ስሙም አልበዛበትም። ሻይ ይጥድና ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብሎ ይወጣል፤ ሲመለስ ማንቆርቆሪያው ከስሎ ሸሪፍ በፎጣ ጭስ እያባረረ ያገኘዋል። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ ሁለት ጊዜ ጥሏል፤ አንዱን ታክሲ ውስጥ፣ ሌላውን የት እንደሆነ አላህ ይወቀው። አንድ ረመዳን ደግሞ ጾም መሆኑን ረስቶ በእኩለ ቀን ሳምቡሳ ሲገምጥ ሸሪፍ ደረሰበት።

"ረስቶ የበላን ያበላው አላህ ነው ይባላል" አለው ሸሪፍ። "አንተን ግን ወሩን ሙሉ ሊያበላህ ነው መሰለኝ።"

እንዲህ ያለ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ብረት ከዝገት ጠበቀ ቢባል ማን ያምናል? ሐሩን ራሱ አንዳንድ ቀን አያምንም።

ብረቱ የሸሪፍ ነው። ወሎ ውስጥ አያቱ ማሽላቸውን ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ለአሮጌው ጠመንጃቸው ጥይት ያፈሱበት የነበረ ዕቃ ነው። ላየው ሰው ጉጠት ይመስላል። ሁለት መንጋጋ አለው፤ መንጋጋዎቹ ሲገጥሙ መሃል ላይ ሽምብራ የምታህል ክብ ጎድጓዳ ትቀራለች። የቀለጠ እርሳስ ከላይ ባለችው ቀዳዳ ይፈስባታል፤ ቀዝቅዞ ሲከፈት ድቡልቡሏ ጥይት ዱብ ትላለች። ሸሪፍ ካገሩ ሲወጣ ከለበሰው ልብስ ሌላ የያዘው ይህንኑ ነበር። መንገድ ላይ ፈታሽ ምንድነው ሲለው "የለውዝ መስበሪያ" ብሎ አልፏል።

ጅዳ ላይ ጥይት የሚሻ የለም። ዓሣ አጥማጆች ግን መንጠቆአቸውን ወደ ታች የሚያሰምጥላቸው እርሳስ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከጎማ ጠጋኞች ደጃፍ የወዳደቀ እርሳስ እየለቀሙ፣ እያቀለጡ፣ በአያትየው ዕቃ እያፈሰሱ ለአጥማጆቹ ያቀርቡ ጀመር። የዝንጀሮ ጠላት የነበረው የዓሣ ጠላት ሆነ። አጥማጆቹ በዐረብኛ "ቃሊብ" ይሉታል፤ ቅርጽ ማውጫ ማለት ነው። ሐሩንና ሸሪፍም ያገሩን ስም ትተው ቃሊብ አሉት።

ከዚያ ወረቀት የሌለው ሁሉ የሚለቀምበት ዘመቻ መጣ። ሸሪፍ ዋስ ከሆነው አሠሪው፣ ከከፊሉ፣ ጋር ከተጣላ፣ ኢቃማውም ከተሰረዘ ዓመት አልፎት ነበር። ተይዤ ከምሄድ ራሴ ልሂድ አለና አንድ ጠዋት ሻንጣውን አሰረ። በሩ ላይ ሲደርስ ቃሊቡን ከኪሱ አውጥቶ ለሐሩን ዘረጋለት።

"እስክመለስ ያዝልኝ። ዝገት እንዳይነካው፤ አደራ።"

"ለፈይሰል ብትሰጠው አይሻልም?" አለ ሐሩን። ፈይሰል ጎረቤታቸው፣ ብረት በያጅ ነው። "እሱ ዕቃ ያውቃል። እኔን ታውቀኝ የለ።"

"አውቅሃለሁ። ለአንተ ነው የሰጠሁት፤ ኸላስ።"

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ሐሩን ነገር ይረሳል እንጂ አደራ የሚበላ ሰው አልነበረም። በዚያው ቀን ያገር ቤት ሽማግሌዎች ለጠመንጃ ሲያደርጉ ያየውን አደረገ፤ ቃሊቡን በቅቤ ለቀለቀው፣ በቁራጭ ቆዳ ጠቀለለው፣ አልጋው ስር ከተተው። ተገላገልኩ ብሎም ተኛ። አራት ወር ቆይቶ አንድ ቀን የጉንዳን ሰልፍ ከአልጋው ስር ሲወጣ አየና ትዝ አለው። ቆዳውን ሲፈታው ሽታው ከክፍሉ አስወጣው። ቅቤው በስብሷል፤ ቆዳው የባሕሩን እርጥበት ጠጥቶ ይዟል፤ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ሐሩን በሕይወቱ ብዙ ነገር አጥፍቷል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሮ አያውቅም። ቃሊቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ አሮጌው ከተማ፣ አል-ባላድ፣ ወረደ፤ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚጠግኑ ሀምዳን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ ሲባል ሰምቶ ነበር። ሽማግሌው ብረቱን ገለበጡ፣ አሸተቱ፣ ከዚያ ሐሩንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ይህን በምን ቀባኸው?"

"በቅቤ።"

"ታዲያ ለምን አልበላኸውም?"

ቢሆንም አስቀመጡት። የዝገቱን ቆዳ በዘይት በተነከረ ቀጭን የዕቃ መፈተጊያ ሽቦ በእርጋታ አስለቀቁ። ከዚያ ብረቱን እሳት ዳር አሙቀው በስንጥቁ የተደበቀውን እርጥበት ሁሉ አስወጡ፤ ገና ለብ እንዳለ የስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርገው ቀቡት። "ዘይት በዛ ማለት ጥበቃ በዛ ማለት አይደለም፤ አቧራ ነው የሚሰበስበው" አሉ። በእጅ መንካት ክልክል ነው፤ የሰው ላብ ጨው ስለሆነ የጣት አሻራው በዝገት ታትሞ ይቀራል። ቆዳና ጨርቅ ውኃ ያቆራል፤ መጠቅለያው በሰም የተነከረ ወረቀት ይሁን። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ቆርቆሮ። የቆርቆሮው ሆድ ደግሞ እርጥበት በሚመጥ ነገር ይሞላ። ያ ነገር አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው፣ "አይበላም" ተብሎ የተጻፈባት ትንሿ ከረጢት ናት።

"በየሦስት ወሩ ትከፍተዋለህ" አሉት ሀምዳን። "ረሳሁ ብትል የጅዳ አየር አይረሳም።"

ሐሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ይከብዳል፤ ሰው እንዲያ በአንድ ቀን አይገለበጥም። ግን አንድ ነገር ላለመርሳት ሲል ሌላውን ማስታወስ ጀመረ። ሦስት ወሩን ለመቁጠር የቀን መቁጠሪያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ መቁጠሪያው ሲሰቀል ደግሞ ኢቃማው የሚታደስበትንም ቀን ጻፈበት። ሸረፊያ ገበያ እየወጣ የጫማ ሱቆችን ባዶ ካርቶን ሲበረብር ባለሱቆቹ ጫማ የሚፈልግ መስሏቸው ስንት ቁጥር ነህ ይሉታል። ብረቱን በጊዜው እያመጣ ሲያሳያቸው ጊዜ ሀምዳን ሱቃቸው ውስጥ ሥራ ሰጡት። ቁልፍ የሚያህል ነገር ለቀልበ ቢስ ተሰጠ ተብሎ ካራንቲና ሦስት ቀን ተሳቀ።

ሚስቱንም ያገኘው በዚሁ ብረት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እማማ መኪያ አያታቸው ከወሎ በእግር መጥተው መካ የቀሩ፣ እዚያው የተወለዱ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ግማሹ ዐረብኛ ነው። ሐሩን ሴት ልጃቸውን ረሕማን ለጋብቻ ሲጠይቅ ሰዎች ስለ ቀልበ ቢስነቱ ነገሯቸው። እሳቸው ግን የቃሊቡን ወሬ ሰምተው ነበር።

"የሰው ብረት በየሦስት ወሩ ዘይት የሚቀባ ሰው ልጄን ይጥላል?" አሉ። "ያላ፣ ኒካሑን እሰሩ።"

ከሠርጉ በኋላ ቃሊቡም መካ ገባ። ሐሩን ያሰበው ነገር ነው፤ ጅዳ የባሕር ዳር ነች፣ አየሯ ጨው ነው፤ መካ ግን ደረቅ ተራራ ነው። ቆርቆሮውን እማማ መኪያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ በየሦስት ወሩ ከጅዳ እየመጣ፣ የጥጥ ጓንት አጥልቆ፣ አሮጌውን ዘይት ጠርጎ አዲስ ይቀባል። የቤቱ ሰው "ሐጂ ቃሊብ" እያለ ያሾፍበታል። አሥራ አንደኛው ዓመት ሲገባ ብረቱ ካገሩ ከወጣበት ቀን ይልቅ ያበራ ነበር። ሐሩን በዚያ ብረት ፊቱን ሲያይ ይኮራ ነበር፤ ምን ይደብቃል፣ በሕይወቱ አስተካክሎ የያዘው ነገር እሱ ነው።

ከዚያ ሸሪፍ ደወለ። ለሥራ መግባት ባይፈቀድለትም መካን ለመሳለም የዑምራ ቪዛ ወጥቶለታል። ማክሰኞ ዑምራውን ጨርሶ ከዐሱር ሰላት በኋላ እማማ መኪያ ቤት ይመጣል።

ማክሰኞ ሐሩን ከቀትር በፊት መካ ደረሰ። ሻይ ሳይቀርብለት ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ቆርቆሮው ባዶ ነው። እማማ መኪያ ፊታቸው እንደበራ ከጓዳ ወጡ፤ እጃቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

"ልጄ፣ ባለቤቱ ከዑምራ ሲወጣ እንዲሁ ልንሰጠው ነው? ሰው መገነዣ ከፈኑን እንኳ በተባረከው የዘምዘም ውኃ አጥቦ ነው አገሩ የሚወስደው፤ ይሄ ምን ያንሰዋል ብዬ መጀመሪያ በሳሙና ዘይቱን አስለቀቅኩለት። ከዚያ በዘምዘም አጠብኩት። በረካው እንዳያመልጥ በሟቹ ባለቤቴ የሐጅ ልብስ፣ በኢሕራሙ፣ ጠቅልዬ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት።"

ሐሩን ጨርቁን ፈታ። የባለቤታቸው ነጭ ኢሕራም ላይ የቃሊቡ ቅርጽ በቀይ ታትሟል። ብረቱ ቀይ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጠ። እማማ መኪያ የሆነውን ያኔ አዩ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሐሩን የአሥራ አንድ ዓመቱን ነገር ሁሉ ሊናገር አፉን ከፈተና የሴትዮዋን ዓይን አየ። ልጃቸውን የሰጡት ሴት ናቸው።

"ዘምዘም ለሰው ነው፣ እማማ" አለ ቀስ ብሎ። "ለብረት ዘይት ነው። አይዞዎት፣ ይለቃል።"

የሚለቀው ለቀቀ። ሽቦና ዘይት ይዞ እስከ ዐሱር ፈተገ፤ ምድጃው ዳር አሙቆ ቀባው። ላይ ላዩ ጠራ። እርሳሱ የሚፈስባት ጎድጓዳ ውስጥ ግን ዝገቱ በልቶ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለች ነጥብ ትቶ ነበር፤ እሷ የማትለቅ ሆነች። በዚያ ቃሊብ የሚወጣ እርሳስ ሁሉ ከእንግዲህ ኪንታሮት ይኖረዋል።

ሸሪፍ መጣ። ራሱን ተላጭቷል፣ ጺሙ ነጥቷል፣ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። ሐሩን ሲያቅፈው አጥንቱ ተሰማው። ሐሩን ሻይ ልጣድ ብሎ ጓዳ ገብቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ቆርቆሮውን ፊቱ አስቀመጠ።

"እይ። ውስጡ ዝጓል" አለ። "ዘነጋሁት፣ ሸሪፍ። ያው ቀልበ ቢስነቴ ነው። አደራህን አልጠበቅኩም፣ ዐፉ በለኝ።"

"ውሸቱን ነው" የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። እማማ መኪያ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። "በዘምዘም ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሱማ ጓንት ሳያጠልቅ እንኳ አይነካውም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ ልጄ፣ በየሦስት ወሩ። አንድ ቀን አላሳለፈም።"

ሸሪፍ ቃሊቡን ከፈተ። ትንሿን ጣቱን ጎድጓዳዋ ውስጥ አስገብቶ ጠባሳዋን ዳሰሰ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ ነው ሲሉ ሳቅ ኖሯል።

"ጓንት?" አለ። "አያቴ እኮ ይህን አመድ ውስጥ ነበር የሚጥሉት። ዝጎ ነው የኖረው።"

"ታዲያ ዝገት እንዳይነካው ያልከኝ?"

ሸሪፍ ዓይኑን ጠረገ። "ያን ቀን ለብረት መቼ አሰብኩ? ፈይሰል ብረት ያውቃል፤ ለብረቱ ቢሆን ለእሱ እሰጠው ነበር። እኔ የሄድኩ እንደሆነ የዚህን ልጅ ሻይ ማን ያወርድለታል እያልኩ ነው ሌሊቱን ያደርኩት። ተጠንቀቅ ቢሉህ አትሰማ። ቀልብ ልስጥህ ብልህ አትቀበለኝም፤ ቃሊብ ሰጠሁህ።"

 ሐሩን ደረቱ ውስጥ የሞላው ነገር ፍቅር ነው፤ ቁጭትም አለበት፤ ያን ሁሉ ዓመት እሱ ብረት ሲጠብቅ ለካ ሸሪፍ አገር ቤት ደሴ ላይ ሆኖ እሱን ሲጠብቅ ኖሯል። እማማ መኪያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያብሳሉ። ሸሪፍ ቃሊቡን ወረቀት ሳይጠቀልል እንዲያው በኪሱ ከተተው፤ ሐሩንም ዓይኑ እያየ ተወው።

ከዚያ ድንገት ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?" አለ ሸሪፍ።

"ሻዩ" አለ ሐሩን፤ ጓዳ ገባና ገንፍሎ ሳይፈስ አወረደው።