መስታወት የመሰለው ወለል

ግንበኛውን ሰፈሩ «መስታወቱ» ይለዋል። እሱ የለሰነው ግድግዳ ላይ ዝንብ ያዳልጣታል እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ቀልዱን እንደ ሹመት ይቀበለዋል። ሻካራ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የጎረቤቱን ደጃፍ ሳይቀር በነጻ ይለስናል። ደግ ነው፣ ግን እዩልኝ ያበዛል።

አውሮፕላንን ያለ መንደርደሪያ ቀጥ አድርገው ሽቅብ የሚያነሱ ጄት ሞተሮች ይሞከሩበታል የተባለውን ወለል እንዲሠራ ያስቀጠረው የሚስቱ ወንድም ነው፤ የሞተሮቹ መካኒክ።

«ሞተሩ እሳቱን ወደ ታች ነው የሚተፋው» አለው የሥራው መሐንዲስ። «ኮንክሪቱን እንደሻከረ ተወው። ምንም እንዳትደርብበት።»

እሺ አለ። መሐንዲሱ ወለሉን ተረክቦ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ግን ያ ሻካራ ነገር ዓይኑን ወጋው። ስሙ ነዋ! ማንንም ሳይጠይቅ ስስ ልስን ደረበበት።

በመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ሲያገሳ ልስኑ ተላጠ፤ ሽቅብ የተመለሰው ስብርባሪም በሞተሩ አፍ ገብቶ ሆድ ዕቃውን ፈጀው። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። አለቆቹ ወለሉን የላጠው ከሞተሩ የተፈናጠረ ብረት ነው አሉ። መካኒኩ መፍቻ ረስቶበት ይሆናል ተባለና ከሥራ ታገደ።

እሁድ እህቱ ቤት ምሳ ሊበላ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ወለሉም ይመርመር ሲሉ እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው» አለ። «የእህቴ ባል የሠራው ነው፣ እንከን አይገኝበትም አልኳቸው።»

እኔ ብሆን እዚያው እፈነዳ ነበር። መስታወቱ ግን ውሃ ጠጣ።

«ምን ሆነሃል፣ አትበላም እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ጠግቤያለሁ።»

የጠገበውስ ጥፋቱን ነው። የሰው እንጀራ ዘግቶ ጉርሻ እንዴት ይወርዳል? ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ስሙ አሳሳው፤ አማቹ አሳዘነው፤ በስሙ መሳሳቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳፈረው።

ጠዋት መዶሻና መሮ ይዞ ከመካኒኩ አለቃ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ያልተላጠውን ልስን በጣቱ ሲያንኳኳው ከሥሩ ባዶ መሆኑን ድምፁ ተናገረ። በመሮ ሲነካው ልስኑ ተገሽልጦ ተነሳ፤ ከታች ያ ሻካራ ኮንክሪት ምንም ሳይሆን ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሱ የለበትም።»

መካኒኩ ወደ ሥራው ተመለሰ። መስታወቱን ከዚያ ግቢ ለሥራ የሚጠራው የለም፤ ይገባዋልም።

በሳምንቱ አማቹ እንደ ልማዱ ለምሳ መጣ። አልተቆጣም፣ ነገሩንም አላነሳም። ሚስትየው ምግብ እስክታቀርብ መስታወቱ ወደ ለሰነው ግድግዳ ጠጋ ብሎ በጣቱ አንኳኳው፤ ጆሮውንም አስጠጋ።