ለአንዲት ጥድ

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ይኖር የነበረው ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ከጫካው ጥግ ነው። ጫካው የመንግሥት ነው ይባላል። መንግሥት ግን አንድም ቀን መጥቶ ሲጠብቀው አላየንም፤ የሚጠብቀው ቅሬው ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን በጋራ የሚቀብርበት ያ ማኅበር ስለ ጫካው አንድ ሕግ ነበረው፦ የደረቀውን ልቀም፣ እርጥቡን አትንካ። የነካ ከቅሬ ይባረራል። ለተባረረ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ሰላምታ አይመለስለትም፣ ሲሞትበትም የሚያነሳለት የለም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። በአንዱ ክረምት የአጎቴ ቤት ምሰሶ ተሰብሮ ጣሪያው ሊናድ ደረሰ። ቸግሮት ከጫካው አንዲት ጥድ ቆረጠ። የቅሬው ዳኛ ሳይውል ሳያድር ሰው ሰብስቦ አባረረው። አጎቴ አልተከራከረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሕጉም ደግ ሕግ ነው አለ። ይቅርታ ብቻ ለመነ፤ እሱንም ነፈጉት።

ዓመት ሳይሞላ ሚስቱ ሞተች። እኔ ያኔ መካነ ሰላም ውስጥ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ከአባቴና ከእናቴ ጋር ስንደርስ ግቢው ውስጥ ከአጎቴ በቀር ሰው አልነበረም። እናቴ ብቻዋን አጠበቻት፣ ከፈነቻት፤ እኛ ጉድጓዱን ቆፈርን። ቃሬዛው ግን አራት ሰው ይፈልጋል፣ ወንዶቹ ሦስት ነን። በእኛ አገር ሴት ጀናዛ አትሸከምም። እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አራተኛውን ጫፍ ያዘች። ጎረቤቶች በየአጥራቸው ሥር ቆመው ያዩናል። የሚያለቅሱም ነበሩ፤ ግን አንድ እግር እንኳ አልተነሳም። ያን እንባቸውን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

እናቴ መንደሩን ስትረግም ያስቆማት አጎቴ ነው። ለእኔ ቢያዝኑ ኖሮ ነገ ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ ይገባ ነበር አላት። ሚስቱ ያለ ቀባሪ መሄዷ ጫካውን አቆየው፤ በዚህ ነበር የሚጽናናው። ሌላ መጽናኛ አልነበረውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወረዳው ሰዎች መጥተው መንገድ ሊሠራ ነው አሉ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትንገላታ አይቻለሁና መንገድ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግን በተራቆተው ጋራ ዞሮ ማለፍ ይችል ነበር። በጫካው መሀል ያጥራል ተባለ። ያው የቅሬ ዳኛ ብድግ ብሎ ዱዓ አደረገ፤ ሕዝቡ አሚን ብሎ አጨበጨበ። ሕጉን ትንፍሽ ያለ የለም። ዶዘሩ ገባ፣ ከዶዘሩ ኋላ አይሱዙ ተከታትሎ ገባ። ግንዱ ወደ አቀስታና ወደ ወረኢሉ ተጋዘ፤ ከአረብ አገር በተላከ ገንዘብ የሚሠራ ቤት ሁሉ በሩ የእኛ ጥድ ሆነ። የዶዘር ሹፌር እንደሁ ከየትኛው ቅሬ ይባረራል? ብዙም ሳይቆይ የመንደሩም ሰው መጥረቢያውን ይዞ ገባ፤ በየአጥሩ ሥር ያለቀሱትም ጭምር።

ጫካው ቁጥቋጦ ብቻ ሲቀር ዳኛው ሽማግሌዎች አስከትሎ አጎቴ ቤት መጣ። ልጠይቀው ሄጄ እዚያው ነበርኩ። የጫካው ነገር አብቅቷል፣ ሕጉም ቀርቷል፣ እንግዲህ ቅጣቱም ቀርቷል አለ።

«አፉ ይበሉንና ወደ ቅሬዎ ይመለሱ» አለው። «ነገ አጀልዎ ቢደርስ ማን ያነሳዎታል?»

«ሕጉ ከቀረ» አለ አጎቴ፣ «ሚስቴን አውጧትና እንደ ሰው መልሳችሁ ቅበሩልኝ። ያን ጊዜ እመለሳለሁ።»

አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። አጎቴም ከቅሬ ውጭ እንደሆነ ሞተ።