ለእናቴ እግር የመረጥኩት ካልሲ

ስለ ካልሲ ሳወራ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቃ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ሴት ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ እኔም ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴን እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ አገኘው ነበር። ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለችው የመድኃኒት ቤት ልጅ ናት ያንን እግር ጨምድዶ የሚይዝ ረጅም ካልሲ ያስለመደችኝ። «ጠዋት ነይ፤ ማታ ካበጠ በኋላ ከለካሁሽ ይሰፋሻል» አለችኝ። ቁርጭምጭሚቴንም ባቴንም በሜትር ለክታ፣ ከጉልበት በታች የሚቀረውን መረጠችልኝ። ከአልጋ ሳትወርጂ አጥልቂው፣ እንዳይሸበሸብ ወጥሪው፣ ጫፉን ወደ ታች አትጠቅልዪው፣ ከተጠቀለለ እንደ ገመድ ያስርሻል አለችኝ። ያለችኝን አደረግሁ፤ እግሬ ወደ ልኩ ተመለሰ።

እናቴ ከሮብ ገበያ በላይ ካለው መንደራችን ስትመጣም ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እግሯ ላይ ነው። ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ብላ ልብስ ልትገዛ ነበር የመጣችው። ፀጉር ቤት ተቀምጣ ግራ እግሯን ቀሚሷ ሥር ትሸሽጋለች። ገለጥኩት። ጣቶቿ አብጠው ተጣብቀዋል፤ ቆዳው ወፍሮ ሻክሯል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

«ምን ሆነሽ ነው እምዬ?»

«ረግጬ ነው።»

ደሜ ፈላ። በእኛ አገር «ረገጠች» ከተባለ መንገድ ላይ የተጣለ መተት ረገጠች ማለት ነው፤ መተት ካለ ደግሞ የጣለው ሰው መኖር አለበት። ማን ጣለብሽ ብላት ቀሚሷን መልሳ እግሯ ላይ ጣለችው። እያንገራገረች ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አየ፤ የደሟን ትርታም በጣቱ ዳሰሰ። ከልጅነት ጀምሮ በባዶ እግር ቀይ አፈር የረገጠ ሰው እንዲህ እንደሚሆን ነገራት። በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ፣ ጫማ ያድርጉ፣ ጠበቅ ያለ ካልሲም ይልበሱ አላት። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለልጅ ይተርፋል?»

«ልጆችዎ ጫማ ካደረጉ ምን አገኛቸው» አላት።

በማግስቱ ጠዋት የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ እናቴ ገና ከአልጋ ሳትወርድ ለካቻት። ጣቶቿ ስላበጡ ጫፉ ክፍት የሆነ ይሻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በጣም ጠባቡን አንስጣት ስትለኝ መካከለኛውን መረጥን። በሁለት ቀለም ነበር፤ የቆዳ መልክ ያለውና ጥቁር፤ እናቴ ጥቁሩን ያዘች። ስናጠልቅላት እኔ እየጎተትኩ፣ እሷ ትከሻዬን እየደበደበች፣ «ገደልሽኝ፣ አንቺ ጨካኝ» እያለች ጉልበቷ ሥር ደረሰ። ምላስሽ ከመቀስሽ ይብሳል የምትለኝ እሷ ናት፤ የዚያን ቀን ግን የእሷ በለጠ።

ካልሲው ከገባ በኋላ እጄን ያዘች። «ለወንድምሽ ሐኪም ቤት ሄደች እንዳትዪው። እህትሽን የሚጠይቁት የአማኑኤል ሰዎች አጥንት ቆጣሪ ናቸው። በሽታ ነው ከተባለ ዘራቸው እግሩ ያብጣል ይላሉ፣ እህትሽን ማንም አይወስዳትም» አለችኝ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። መተት ከሆነ አጥንታችን ንጹሕ ነው፤ ሠርጉም ይሆናል። በሽታ ከሆነ እህቴ ቆማ ትቀራለች። ብቻዋን ማጥለቅ እንደማትችል ስላወቅሁ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው ከእኔ ቀጥሎ የተወለደው ወንድሜ ነው። ጠመንጃ ከትከሻው አይወርድም፤ ሲበላም አጠገቡ ነው። ስንደርስ መተቱ ቀርቶ ቡዳ ነው ብሎ ጥፋተኛዋን መርጦ ጨርሷል። ከወንዙ ማዶ ብቻዋን የምትኖር ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ አለች። ወጣችንን የምንሠራው በእሷ ድስት፣ ውሃ የምንቀዳው በእሷ እንስራ ነው፤ እሷን ግን ቤታችን አናስገባትም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይላሉ፤ ስሰማ ያደግሁትም ይህንኑ ነው። ወንድሜ ገበያ መሃል ሄዶ ድስቷንም እንስራዋንም በእግሩ እየመታ ሰባብሮባታል፤ ስብርባሪውን ስትለቅም ጀርባዋን በዱላ ሰንብሮታል። ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ አንድም ተው ያለው የለም። ይህንን ራሱ እየሳቀ ነው ያወራኝ።

«እናታችንን የበላቻት እሷ ናት» አለኝ።

«እናታችንን የበላት አፈር ነው፣ አንተ ደንቆሮ።»

ተጠግቶ ጉንጬን በጣቶቹ ጨመቀኝ። ትንፋሹ አረቄ አረቄ ይላል። «በሽታ ነው ብለሽ አፍሽን ብትከፍቺ፣ የአንድ እናት ልጆች ብንሆንም ጥርስሽን አራግፈዋለሁ። የአማኑኤል ሽማግሌ እሑድ ይመጣል። በሽታ ካልሽው እህትሽን አንቺ ታገቢያታለሽ?» አለኝ። ያኔ እሱም እንደሚያውቅ ገባኝ፤ ባያምንም ያውቃል። እጁን መንጭቄ ገፈተርኩት። ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ አልተነጋገርንም።

እናቴ ቤቷ ከገባች ጀምሮ ካልሲውን አሻፈረኝ አለች። ጠዋት ጠዋት ይዤላት ስመጣ እግሯን ታጥፋለች፤ ቅቤ ልቀባበት ትላለች። ቅቤ ካልሲውን ያላላዋል ብዬ ስቆጣ ለግድግዳው ፊቷን ትሰጣለች። እሑድም ካልሲው ትራሷ ሥር እንዳለ፣ እግሯ ባዶውን አብጦ ሽማግሎቹን ተቀበለች።

ሽማግሎቹ ተቀመጡ፤ ጠላ ቀረበላቸው፤ ቀመሱና አስቀመጡት። ከመካከላቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡት አዛውንት ዓይናቸውን ከእናቴ እግር ላይ አልነቀሉም። በመጨረሻ «እመቤት፣ እግርዎን ምን ነካዎት?» አሉ።

«የሰው ዓይን ነው» አለ ወንድሜ ቀድሞ።

«ዓይን ከሆነማ ምን ገዶ። የበላችው ትምጣና ትትፋባት፤ ትድናለች። በሳምንቱ ተመልሰን እናያለን። አጥንት ከሆነ ግን እንደተከባበርን እንለያይ።»

ወንድሜ ሌላ ቃል አልጠበቀም። ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። ከኋላው ሮጥኩ፤ የአጎቴ ልጆች በር ላይ አንቀው ያዙኝ። ብዙ አልቆየም። ሴትዮዋን በፀጉሯ እየጎተተ፣ በጭቃው ላይ እያንፏቀቀ ይዟት መጣ። ነጠላዋ የለም፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ ተቀዷል፤ አፍንጫዋ ይደማል። እጇ ላይ ያልታጠበ ሸክላ ደርቋል፤ ሥራ ላይ ነበረች። እናቴ እግር ሥር ጣላትና ማጅራቷን በጫማው ረገጠ።

«ትፊ።»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። «አፌ ደረቀ ልጄ። ውሃ ስጡኝና እተፋለሁ። ምንም አላደረግኋት፣ ግን እተፋለሁ» አለች። ልጄ ነው ያለችው። ማንም ውሃ አልሰጣትም። ወንድሜ የጠመንጃውን ሰደፍ አነሣና አፏን መታት። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት፤ ዛሬም ይሰማኛል። በግንባሯ ተደፋች፣ ቀና አለች፣ ተፋች። የተፋችው ደምና ጥርስ ነው። በእናቴ እግር ላይ ወረደ።

ሽማግሎቹ «ይበቃል» አሉ። አሁን ነው የሚበቃው። የያዙኝን ሰዎች እጅ ነክሼ አመለጥኩና ካልሲውን ከእናቴ ትራስ ሥር መዝዤ አዛውንቱ ፊት ዘረጋሁት። «ይሄ ነው መድኃኒቷ። ማርቆስ ሐኪም አይቷታል። ከአፈር የመጣ በሽታ ነው፤ አጥንት አይደለም፣ ዓይንም አይደለም። ይቺ ሴት ምንም አላደረገችም። እምዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ። በሞቴ ንገሪያቸው።»

ሁሉም እናቴን አየ። ሸክላ ሠሪዋም ከወለሉ ላይ ሆና ቀና ብላ አየቻት።

እናቴ ደሙን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «የብርድ ካልሲ ነው» አለች። «የእኛን አገር ብርድ ታውቁት የለ፤ ለብርድ ገዝታልኝ ነው። ሐኪም ቤት አልሄድኩም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ወንድሜን ፊቱን ቧጨርኩት፤ ዓይኑን ላወጣው ነበር፣ ሆን ብዬ። እሱ በቡጢ ጣለኝ፤ ወድቄም በእግሩ ጎኔን ደጋገመኝ። ስነቃ ጓዳ ተኝቻለሁ፤ አንድ ዓይኔ አይገለጥም፤ መተንፈስ ጎኔን ይወጋኛል። ወደ ማርቆስ ልመለስ ብል መንገዱ በተኩስ ተዘግቷል ተባለ። የደበደቡኝን ሰዎች እንጀራ እየበላሁ ሰነበትኩ።

ጉዱን ያየሁት በተደበደብኩ ማግስት ማለዳ ነው። እናቴ ከመደቡ ሳትወርድ፣ እግሯን በሳሙና ውሃ አጥባ አድርቃ፣ ካልሲውን እንደ ተማረችው ተረከዙ ድረስ ገልብጣ ራሷ እየጎተተች ታጠልቃለች። ብቻዋን። ጥርሷን ነክሳ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የላትም። እጥፋቱን አንድ በአንድ አቃናች፤ ጫፉን አልጠቀለለችውም። በላዩ ረጅም ቀሚሷን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እንዲሁ አደረገች። ቀን ቀንም ታመምኩ ብላ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛለች።

«እምዬ፣ አንቺ እኮ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲደበደብ?»

«እህትሽ ትዳሯን ትያዝ። ከዚያ እግዜር ይፍረድብኝ።» እንዲህ ስትል አላፈረችም፤ የከፋኝም እሱ ነው። እናቴን ጠላኋት። ጎኔን ይዤ እዚያው ጓዳ ውስጥ ተኝቼ፣ ያ እግር እንዳይጎድል ለመንኩ፤ ያ የመረጥኩት ካልሲ እንዳይሠራ። ሠራ። መካከለኛው ልክ ለእሷ በትክክል የተሠራ ነበር።

ሽማግሎቹ ሲመለሱ እናቴ ካልሲውን አውልቃ ሸሽጋ ጠበቀቻቸው። ቀሚሷን ከፍ አደረገች። ቁርጭምጭሚቷ ወጥቷል፣ ባቷ ተሸብሽቧል። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት፤ አልጎደጎደም። «የበላችው ተፋች» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እህቴ ተንበርክካ ጉልበት ሳመች፤ ወንድሜ ደጅ ወጥቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የእናቴ መዳን የሴትዮዋ ጥፋት ማስረጃ ሆነ። ባትበላት ኖሮ ትፋቷ እንዴት ያድናታል? የመንደሩ ጎረምሳ ከእልልታው በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ። በጠራራ ፀሐይ ቤቷን ለኮሱት። ለገበያ ያሰናዳችው እንስራ እሳቱ ውስጥ እየፈነዳ ድምፁ እኛ ደጅ ይሰማል፤ የእኛ ሰዎች ጠላ እየጠጡ የሠርጉን ቀን ይቆርጣሉ። ሴትዮዋ በጓሮ በኩል አምልጣ ነበር። አገጯ ተጣምሞ፣ ደጀን ከመኪና መንገዱ ዳር ሸክላ ስትሸጥ አየናት የሚሉ ሾፌሮች አሉ።

ሠርጉ ሆነ። አልሄድኩም። እናቴንም ላላናግራት ማልኩ፤ ስትደውል አላነሳም ነበር። እኔ ስምል ቀልድ አላውቅም።

በቀደም በእህቴ ስልክ ደወለች፤ እህቴ መስላኝ አነሳሁት። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኳትም፣ ልዘጋው ነበር።

«አትዝጊው» አለች። «ካልሲው ላልቷል። ሲታጠብ ሲታጠብ አለቀ፤ አይዝም። እግሬ መልሶ ጀምሯል።»

«ታዲያ ይበጥ።»

«ወንድምሽ አይቶታል። እንደገና በላቻት እያለ ነው። ደጀን እንዳለች ነግረውታል፤ ሄጄ አመጣታለሁ ብሎ ጠመንጃውን ሲወለውል ዋለ» አለች።

ስልኩን ዘጋሁት። አንዲት ደንበኛዬ ፀጉሯ በግማሽ ተሠርቶ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ትቻት መንገዱን ተሻገርኩ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ፊቴን አይታ «ለእናትሽ ነው? ያንኑ መካከለኛውን?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ስንት ጥንድ ላውርድልሽ?»

«በእሷ ልክ ያለሽን ሁሉ» አልኳት።