እህቴ ያቆመችበት መስመር

ሰቆጣ፣ ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ኬዙ፣ ማለት ውጪያዊ ሳጥኑ፣ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። በጋለ ቢላ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠርዙ እጅ እንዳይቧጭር በሻማ እሳት ያለሰለሰችው ታላቅ እህቴ ናት። ማዘርቦርዱን ያገኘነው ከቁራሌው ዘንድ ነው። ሃርድ ዲስኩ ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ፣ ስክሪኑም የሳሎናችን ቴሌቪዥን ነው። ራም የሚባለው የሜሞሪ ካርድ መጀመሪያ አልሠራም ብሎ ነበር፤ ጥርሶቹን በላጲስ ፈግፍጌ መልሼ ስሰካው ሠራ። ይህን ያስተማረኝ የለም። ስልክ ላይ አንብቤ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና አንብቤ የተማርኩት ነው።

እንዲህ ላለ አሮጌ ማሽን የሚሆነው ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ነው። አይከብደውም፤ በነጻም ይገኛል፤ ያልወደዱትንም ከፍቶ መቀየር ይቻላል። መጀመሪያ የተነሳ ዕለት ነጫጭ ጽሑፍ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ሲሮጥ እህቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ምን እያለ ነው?»

«ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያየ ነው።»

«እኔስ ዳዊት የሚደግም መስሎኝ። ቄሱ እንኳ እንዲህ አይፈጥኑም።»

የእሷ ፍላጎት ሌላ ነበር። አያታችን በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣኛ የነገሯትን ተረቶች መጻፍ ፈለገች። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስላረፉ፣ ተረቶቹን የምታውቃቸው እሷ ብቻ ናት። ኽምጣኛ በአማርኛው ኪቦርድ ላይ የማይገኙ ፊደላት አሉት። የኪቦርዱን ፋይል ከፍቼ እያንዳንዱን ፊደል ጣቷ በሚቀናው ቁልፍ ላይ አስቀመጥኩላት። ደጋግማ አዛወረችብኝ፤ ደጋግሜ አዛወርኩላት። ያን ያህል የተደሰትኩበት ሥራ አላስታውስም።

ኮምፒውተሩ መጻፍ በጀመረች ሰሞን ድንገት መጥፋት አመጣ። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ጠረጠርኩ፣ ፈታሁት፣ አቧራውን አራገፍኩ፤ ሠራ። ገጥሜ ወደ ቦታው ስመልሰው ጠፋ። ማቀዝቀዣ ፋኑን ዘይት ቀባሁት፤ ሠራ። መለስኩት፤ ጠፋ። እናታችን መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ ፈትተኸው ሲሆን የሚሠራ ከሆነ ለምን ትገጥመዋለህ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እህቴ ለቴሌቪዥን እንደሚደረገው ሁሉ ነጭ ዳንቴል ሠርታለት ነበር። እኔም በጠገንኩት ቁጥር፣ እንግዳ የሚገባበት ቤት ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም ብዬ፣ ዳንቴሉን በገዛ እጄ አስተካክዬ አለብሰው ነበር። ፋኑ በዳንቴሉ ታፍኖ ማሽኑ እየጋለ ነበር የሚጠፋው። እህቴ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

«አንተ ሊቅ! አፍነህ ገድለኸው ነው ለካ የምታለቅስለት!»

ከዚያ ሰርጓ ደረሰ። ወደ ደሃና ገጠር፣ ከአምደወርቅ ከተማ በእግር ወደሚኬድበት መንደር ተዳረች። ስትሄድ ቤቱ አልጎደለም፤ እናታችን አሉ፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። የጎደለው ጀሪካኑ ፊት ያለው ወንበር ነበር። አንድ ቀን የእሷን ፋይል ከፈትኩ። ተረቱ አህያን ስለ ከሰሰ አንበሳና ለምስክርነት ስለ ተጠራች ጦጣ ነው። «ጦጣም አንበሳውን ቀና ብላ አየችና» ይላል፤ ከዚያ ባዶ ነው። ጠያቂ ዘመድ መጥቶ ብድግ ያለችው እዚያ ላይ መሆን አለበት።

መዳፍ የማታህል ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ። የምትሠራው በስልክ ቻርጀር ነው፤ የገጠር ቤት ሶላርም ይበቃታል። ሊኑክሱን ጫንኩ፣ ተረቶቹን ገለበጥኩ፣ የኽምጣኛውን ኪቦርድ አስገባሁ። ሙቀቷን በስልኬ እየተከታተልኩ ለካሁ፣ እንደ ፊተኛው እንዳትታፈን የላስቲክ ሳጥኗን በምስማር በሳሳሁ። ምንም ያልጎደለኝ መስሎኝ በገበያ ቀን በሚኒባስ አምደወርቅ ወረድኩ።

እህቴን ከባሏ ጋር እህል ልትሸጥ መጥታ አገኘኋት። ፊቷ ጠቁሯል። ከሳምኋት በኋላ ሳጥኗን ሰጠኋት።

«ኮምፒውተሩስ የታለ?»

«እሷው ናት፣ እታለም።»

«ውይ! ሰውነቷን የት ጥለሃት መጣህ?» ብላ አገላበጠቻት። ከዚያ የገመድ መሰኪያዋን በጣቷ ነካ አደረገች። «እኛ ቤት ሶላሩ አለ። ቴሌቪዥን ግን የለም። በምን አያታለሁ?»

ያደግሁት ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ነውና ስክሪን የሌለበት ቤት ጨርሶ አልታየኝም ነበር። እሷ ግን እጄን ይዛ አጠገባችን ወዳለው የስልክ ዕቃ ሱቅ ጎተተችኝ። ባለሱቋ ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ኳስ እየታየ ነው።

«እትዬ፣ ቴሌቪዥንዎን ለትንሽ ጊዜ ብቻ» አለቻቸው።

«ለዚች ቁራጭ?» አሉ ሳጥኗን አይተው። «ወላሂ፣ ቢቃጠልብኝ ወንድምሽን ነው የማስቀረው፤ ሱቅ ይጠርግልኛል!»

ኳስ ተመልካቾቹ አጉረመረሙ። እኔ ገመዱን ሰካሁ፣ የያዝኩትን ኪቦርድ ዘረጋሁላት። ተረቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። እህቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ገፋ አድርጋ ጣቶቿን አስቀመጠች፤ አንድም ፊደል አልጠፋባትም። ጦጣዋ አንበሳውን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። ባለሱቋ ኽምጣኛ ያውቃሉ መሰለኝ፣ ሲያነቡ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አንቺ!» አለ ባሏ ከደጅ። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ አህያዋ እንኳ ሰልችታለች!»

«መጣሁ!» አለች። የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ተነሳች፤ ሳጥኗን ነቅላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አንተ ጋ ትሁን። ገበያ ስመጣ ይዘሃት ና።»

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን አምደወርቅ እወርዳለሁ። አንዳንዴ ትመጣለች፣ ጥቂት መስመር ትጨምራለች። አንዳንዴ አትመጣም፤ ያን ቀን ባለሱቋ በርጩማ ሰጥተውኝ ኳስ አያለሁ። አንበሳው ለጦጣዋ ጥያቄ እስካሁን አልመለሰም። በቃልሽ ንገሪኝ ብላት መንገድ ላይ ቆማ ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ጽፋ ትጨርሰው።