የቦራም የቃለ መጠይቅ እንባ

ኩ ቦራም ዴጉ ከተማ ውስጥ የንግድ ሥራ በሚያስተምር የሴቶች ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። እዚያ ትልቁ ወግ ባንክ መቀጠር ነው። ልጆቹ ከሒሳብ ሌላ አጎነባበስ፣ አሳሳቅና ፀጉር በመረብ መጠቅለል ይማራሉ። መነጽር ግን አይወደድም። የተጻፈ ደንብ የለም፤ የቃለ መጠይቅ ልምምድ የምታሠራዋ መምህርት ናም ብቻዋን ትበቃለች።

«መነጽሩ ፊትሽን በላው እኮ! ማን ያይሻል?» ትላለች።

ስለዚህ ቦራም ከመስከረም ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ በመነጽሯ ፈንታ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ ታደርጋለች። አባቷ ደግሞ መነጽር ፋብሪካ ውስጥ ፍሬም ሲሞርድ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ዝምተኛ ሰው ነው። የእሷንም ፍሬም ያለሰለሰው እሱ ነው። ሌንሱን ያየ ዕለት፣ «የኔ ሥራ አስጠላሽ እንዴ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ጥቅምት ላይ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራት ጀመር።

«የኔን ጠብታ ጨምሪበት ባክሽ» አለቻት ጓደኛዋ ሶልሂ። «እዚህ ሁላችንም የቀይ ዓይን ማኅበርተኞች ነን!»

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ዓይንሽ ደርቋል፣ ሁለት ሳምንት ሌንስ እንዳታደርጊ አላት። የባንኩ ቃለ መጠይቅ ግን በአምስተኛው ቀን ነበር። አደረገች።

የባንኩ ክፍል ማሞቂያ ይፋጃል። አምስት ልጃገረዶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጠያቂዋ ሴትዮ ቦራም ጋ ስትደርስ፣ «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አለቻት።

«የመነጽር ፍሬም ይሞርዳሉ።»

ይህን ከማለቷ እንባዋ ተዘረገፈ። የደረቀ ዓይን ሲቆጣ ውሃ ይለቃል፤ ሐዘንም ደስታም አያስፈልገውም። ሴትዮዋ ይህን ከየት ታውቃለች? እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። የአባቱ ልፋት እንዲህ የሚሰማው ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ቦራም ማስረዳት ነበረባት። ሥራውን ፈልጋለችና ዝም አለች። ሥራውንም አገኘች።

ወሬው ከባንኩ ለመምህርት ናም፣ ከእሷ ደግሞ በስልክ ለአባቷ ደረሰ። እራት ላይ አባቷ የዓሣውን አጥንት አውጥቶ ሥጋውን ሩዟ ላይ አኖረላት። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ያደረገላት ሕፃን ሳለች ነበር።

«ስለኔ ሥራ ስትጠየቂ አለቀስሽ አሉኝ።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ...»

«ተዪው፣ ግዴለም። ያፈርሽብኝ መስሎኝ ከርሜ ነበር። ዛሬ ለፋብሪካው ሰው ሁሉ ነገርኩ፤ አንድም የቀረ የለም» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ይህን ከሰማች በኋላ እውነቱን ልትነግረው አልደፈረችም። አሁን ከልቧ ማልቀስ ፈለገች። ዓይኗ ነደደ እንጂ አንዲት ጠብታ አልወጣውም። አባቷ ደረቅ ዓይኗን እያየ እንባዋን ጥቂት ጠበቀ፤ ሳይመጣ ሲቀር ማንኪያውን አነሣ።