ለሞተር ኮሶ ያዘዝኩ ጊዜ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር። ከዘመሮ ገበያ ከፍ ብሎ ባለ የሙያ ማሠልጠኛ የአውቶ መካኒክ መምህር ሆኜ ተመድቤ፣ አዲስ ቱታ ለብሼ፣ ባለ አራት ቀለም ጠመኔ ይዤ ደረስኩ። የወርክሾፑ ኃላፊ አቶ ጌታነህ ቱታዬን ከላይ እስከ ታች አዩትና «አይዞህ፣ ይቆሽሻል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ለአዳዲስ መምህራንና ለሠልጣኞች ይጠቅማል ብዬ የምጽፈው ግን በመጀመሪያው ወር የሠራሁትን ስሕተት ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ሾፌር አሮጌ ፒክአፓቸውን ይዘው መጡ። ዳገት ላይ ታቃስታለች አሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ከሥሩ የተጋገረው ጥቁር ነገር የቀዘቀዘ ገንፎ ይመስላል። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠየቅኳቸው።

«ለምን ይቀየራል? ሲጎድል እጨምርበታለሁ። የደህና ሰው ቤት እርሾ ይደፋል እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ብርድ ሾፌሩ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ እንዲሞቅ ይተወዋል፤ ከዚያ አጭር መንገድ ነድቶ ያጠፋዋል። ሞተሩ በደንብ ስለማይግል እርጥበቱ አይተንም። እርጥበቱና ጥላሸቱ ካረጀው ዘይት ጋር ተዋሕደው አተላ ይሆናሉ፤ አተላውም የዘይቱን መተላለፊያ ያጠብባል።

ጋሽ ደምሰው የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው። የጓሳ ሜዳ ለሣር አጨዳ የሚከፈተው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ሜዳው በሕዝቡ ደንብ ለዓመታት ተጠብቆ ይቆያል፤ ሲፈቀድ ሁሉም ማጭዱን ይዞ በአንድ ቀን ይወጣል። የመንደራቸው ሰው ቤት የሚከድንበትን ሣር በሙሉ እኔ እጭናለሁ ብለው ቃል ሰጥተዋል።

«ሰኞ ካልደረስኩ ሣሩ በአህያ ይጫናል፣ እኔ ደግሞ በሰው አፍ» አሉ።

አቶ ጌታነህ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ሞተሩን አዩና ኮፓውን፣ ማለትም ከሥር ያለውን የዘይት ገንዳ፣ አውርጄ በእጄ እንድጠርገው ነገሩኝ። እኔ ግን ሌላ ዘዴ አንብቤ ነበር። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይና ቀጭን ነው፤ ቆሻሻ የሚያላቅቅ ቅመምም አለው። አንድ ሊትር በአሮጌው ዘይት ላይ ይጨመራል። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ለአሥር ደቂቃ ይሠራል። ከዚያ እንደጋለ ሁሉም ይፈስሳል፤ ፊልትሮው፣ ማለትም የዘይት ማጣሪያው፣ ተቀይሮ አዲስ ዘይት ይገባል። ጋሽ ደምሰው ዘይቱንም ፊልትሮውንም ከገበያ ገዝተው ራሳቸው እቤታቸው ሊሠሩት ተስማማን።

በሰሌዳ ላይ በአራቱም ቀለም ሥዬ አስረዳኋቸው። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀሁ። ዓይናቸው ወደ በሩ ሲሸሽ ሳይ ምሳሌ ፈለግኩ።

«ጋሽ ደምሰው፣ እንደ ኮሶ ይቁጠሩት። ይጠጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይወጣል።»

ፊታቸው በራ። «ይህንን ከመጀመሪያው ብትለኝ ይኼኔ ቤቴ ነበርኩ» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። ሥራውን በሰባት ተራ ቁጥር የጻፍኩበትን ወረቀት አጣጥፌ ኪሳቸው ከተትኩላቸው። ማፍሰሱ ተራ ቁጥር አምስት ላይ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኬ ጠራ። «መምህር፣ ደክሟታል፤ ና» አሉኝ። ከአቶ ጌታነህ ጋር በሞተር ብስክሌት ወጣን። ፒክአፗን ወደ ቀየት ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር አገኘናት። ኮፈኗ ላይ ወፍራም የሱፍ ባና ተደርቦላታል። ጋሽ ደምሰው አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

ታሪኩን በቅደም ተከተል እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ኮሶ በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ ዓርብ ማታ ነዳጅ ሳይጨምሩላት አሳድረዋታል። ቅዳሜ ጠዋት ቀዩን ዘይት አጠጧት፤ ትልቅ ናት ብለውም ግማሽ ሊትር ጨመሩላት። ሞተሩን አስነስተው አሥር ደቂቃ ጠበቁ፤ ምንም አልወጣም። በኋላ ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ሲመጣ ትሉ መንቀል ጀመረ ብለው ደስ አላቸው። እሑድ ጠዋት ደግሞ እንዲያግዛት ትንሽ ነዳጅ ሰጥተው አንሸራሸሯት፤ መንገድ ላይ የዘይት መብራቱ በራ። አዲሱ ዘይት አልተነካም። ከወጣላት በኋላ የምትቀምሰው ነው ብለው ጋቢና ውስጥ አስቀምጠውታል።

«አሮጌውን መቼ አፈሰሱት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ የማፈስሰው?» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርጣሬ ገብቷቸው። «ኮሶ የጠጣ ሰው ራሱ ይወጣለታል እንጂ ብሎን የሚፈታለት አለ?»

አቶ ጌታነህ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

የዘይት መብራቱ ሲበራ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። ኮሶ የጠጣ ሰው ሲደክመው እንደሚደረገው እዚያው አሳረፏት፤ ወዲያው አጥፍተው፣ ብርድ እንዳይመታት ባና ደርበው፣ ቁልፉን አልነኩም። ሞተሩን ያዳነው ይህ ነው። መንጃ ፈቃዱን ትናንት ያወጣ ሾፌር ቢሆን ቀየት ልድረስ ብሎ ይነዳት ነበር፤ ዘይት የማይደርሰው የሞተር ዘንግ ደግሞ ብዙ አይታገሥም።

ሰንበት ቢሆንም የታመመ መርዳት አይከለከልም ብለው ጋሽ ደምሰው ራሳቸው ፈቀዱ። ከሥር ተኝቼ ዘይቱን አፈሰስኩ፤ የኮፓውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትቼ አወረድኩት። ቀዩ ዘይት ሥራውን ሠርቷል። ከየጥጉ ያላቀቀው አተላ ግን ፓምፓው ዘይት በሚስብበት ወንፊት ላይ ተለጥፎ እንደ ተዳመጠ ሱፍ ሆኗል። በጣቴ ፋቅኩት፤ በናፍጣ አጠብኩት። አቶ ጌታነህ ብሎኑን እያቀበሉ «ዓርብ ብትሠራው ጥላ ነበረን» አሉኝ።

ፊልትሮውን ቀይረን አዲሱን ዘይት ሞላን። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ለጥቂት ጊዜ በራ። ጋሽ ደምሰው አማተቡ። ከዚያ ጠፋ።

ሰኞ ጓሳ የደረሱት ከሌላው ሰው አንድ ሰዓት ዘግይተው ነው፤ ቢሆንም የመንደሩን ሣር እስከ ማታ አመላልሰው ጨረሱ። ለዘገዩበት የሰጡት ምክንያት በአጨዳው ሁሉ ተሰማ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሾፌሮች መኪናቸውን ነዳጅ አስጹመው ወርክሾፑ በር ላይ ቆሙ። አቶ ጌታነህ «ሐኪሙ እሱ ነው» ብለው ወደ እኔ ላኳቸው። የሁለቱንም ኮፓ አውርጄ በእጄ ጠረግኩ።

አተላ የበዛበትን ሞተር ማጽጃ አላጠጣም። ኮፓውንና ወንፊቱን በእጄ አጸዳለሁ፤ ከዚያ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ። ስለ ማጽጃ ሳስተምርም መጀመሪያ የምናገረው ቆሻሻው በየት በኩል፣ በማን እጅ እንደሚወጣ ነው።