ሁለቴ ቤት የሰረቀው ተከራይ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለንደን፣ ስትሪትሃም ሰፈር ውስጥ ነው። ዛሬም አውቶቡስ ላይ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቦታ ይቀይራል።

ራሞን የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዌምብሊ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ አብረን እንሠራለን። ከዚያ በፊት ግን በአገሩ በቬንዙዌላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቤዝቦል ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነበር። እኔ እሱን እስካውቅ ድረስ ቤዝቦል አይቼ አላውቅም። ደንቡን ከኢንተርኔት እያነበብኩ ብቻዬን ተማርኩ፤ የእሱንም የጨዋታ ታሪክ አንድ በአንድ በቃሌ ያዝኩ። ሜዳው ላይ ሯጩ የሚያርፍባቸው አራት ቦታዎች አሉ፤ ቤዝ ይባላሉ። ተጋጣሚ ሳያስበው ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ መያዝ በጨዋታው ቋንቋ «መስረቅ» ነው። የመጨረሻው ቤዝ ደግሞ «ሆም» ይባላል፤ ቤት ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ራሞን የተከራየበት ቤት ተሸጠና እስከ ሰኞ ልቀቅ ተባለ። የጠየቀው ክፍል ሁሉ ወይ ተይዟል፣ ወይ ሪፈረንስ፣ የቀድሞ አከራይ የምስክር ወረቀት፣ አምጣ ይባላል። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ አሰለፈች ባዶ ክፍል እንዳላቸው ስሰማ ይዤው ሄድኩ።

እትዬ አሰለፈች ለንደን ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ቁም ነገር ግን በአማርኛ ካልሆነ አይዋጥላቸውም። ራሞንን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ሠርቶ ነው የኖረው?»

እኔ ብዙ አላወራም። የዚያን ቀን ግን የተጠየቅኩት የማውቀውን ነው፤ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

«ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፣ እትዬ። እጁ በጣም ፈጣን ነው። በመስረቅም ይታወቃል።»

«በምን?»

«በመስረቅ። ከቡድኑ የሚስተካከለው አልነበረም። አንዳንዴ ሲሰርቅ ተይዟል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አልተያዘም።»

ቦርሳቸውን ከሶፋው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ቤትስ ሰርቆ ያውቃል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጥያቄው አስደሰተኝ። ጨዋታውን የሚያውቁት መሰለኝ።

«ሁለቴ» አልኳቸው። «ቤት መስረቅ እኮ ከሁሉም ከባዱ ነው። ሰው ሁሉ እያየው ነው የሰረቀው። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።»

ሁለት ጣቴን ሳወጣ ራሞን ምን እንደማወራ ገባው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ጎንበስ አለ።

እትዬ አሰለፈች የቦርሳቸውን ማንገቻ እጃቸው ላይ ሁለት ዙር ሲጠመጥሙ ሳይ ነው የነቃሁት። ሰውየውን ሜዳ ላይ ላስቀረው ነው።

«እትዬ፣ መስረቅ ማለት እኮ መሮጥ ነው» አልኩ።

«ሰርቆ የማይሮጥ ማን አለ?»

ፖስታ ጀርባ ላይ ሜዳውን ሣልኩላቸው። ቤዞቹን፣ ሯጩን፣ ኳሱን፣ ሁሉንም። ፖስታውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩት። ራሞን ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ያልኩትን በእንግሊዝኛ ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀጥሎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከወንበሩ ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። እሳቸው እሱን ሲያዩ አላስቻላቸውም።

«ያለፈው ተከራይ ጨዋ ነኝ ብሎ ገብቶ ቴሌቪዥኔን ተሸክሞ ወጣ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይኼ እንኳ አስቀድሞ ተናገረ። ሰኞ ይግባ።»

«እትዬ፣ ምንም አልሰረቀም እኮ።»

«ግድ የለም፣ ንስሐ ይገባል።»

ከቤታቸው ስንወጣ መቆም አቅቶን የፌርማታውን ብረት ይዘን ሳቅን። ሁለት አውቶቡስ አለፈን።

ራሞን ዛሬም እዚያው ይኖራል። እሳቸው ለእንግዳ ሲያስተዋውቁት «ሌባዬ» ይሉታል። ማብራሪያዬ ገብቷቸው ይሁን ወይ ይቅር ብለውት፣ እስካሁን አላውቅም። ልጠይቃቸው እልና እተወዋለሁ። ከጠየቅኩ እንደገና ማስረዳት ይመጣል፤ ማስረዳት ስጀምር ምን እንደማመጣ ደግሞ አይቼዋለሁ።